ቁልፉ የታሰረበት እንጨት

እትዬ ፈንታዬ ዝምተኛ አልነበሩም። ትሑትም አልነበሩም። «ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ» ሲባሉ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት፣ ለቅሷቸው ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው። ይህን ያለው ደግሞ ያንን ክፉ ቃል ከማንም በላይ ሲቀበል የኖረው የቀድሞ አለቃቸው፣ የልጄ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና፣ «ፈንታዬ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሥራዋን ብቻ የምታውቅ እናት ነበረች» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ማርታ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ያፈናት ሳቅ ነው። ለቅሶ የመሰላቸው ሁለት ሴቶች ግን ትከሻዋን እየዳበሱ «አይዞሽ» አሏት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። ሙት አሞጋሽም አያድርገኝ ብዬ እጨምርበታለሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዴ በውኃ፣ አንዴ በውዳሴ። በሁለተኛው እጥበት መልኩ ሁሉ ይለቅና ማን እንደሞተ አይታወቅም። ስለዚህ ሳይለቅ ልናገር።

እትዬ ፈንታዬ እዚህ ጎንደር፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሽንት ቤት አጣቢ ነበሩ። አገራቸው ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንደር። ረጅም፣ ደረቅ፣ እጀ ሰፊ ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ባልዲያቸውን እግራቸው ሥር አድርገው በሩ ላይ ይቆሙና የሚገባውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤

«ደጅ ወጥተሃል?»

እንደምን አደርህ የለም። የከተማ ልጅ ሽንት ቤት ሄድሁ የሚለውን የእሳቸው አገር ሰው ደጅ ወጣሁ ነው የሚለው። ልጆቹን ይጠይቃሉ፤ መምህራኑን ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲገባ ጠየቁትና ሰውየው ደንግጦ «አዎ፣ ጠዋት» ብሎ ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሸጋ። እንግዲያ ግባ» አሉት።

ማርታን የጠየቋት ቀን እኔ ተቆጣሁ። ሁለተኛ ክፍል ገብታ ገና ሳምንቷ ነው።

«ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ እትዬ?»

«ምነው? አንተ አትወጣም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ሳይጠይቁ «ጌታው» ይሉኝ ጀመር። የአክብሮት እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም።

ሌላም የሚደጋገም ውሸት አለ። የልጅ ሆድ ድርቀት የሀብታም አገር በሽታ ነው ይባላል። የእኛ ልጅ ሽሮና ጎመን ይበላል፣ ሲሯሯጥ ይውላል፣ ቢያመው ተቅማጥ እንጂ ድርቀት አይነካውም ይባላል። የተማረውም ያልተማረውም እኩል የሚያምኑት ነገር ስለሆነ ገና ከጅምሩ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን አመንሁት። እንዲያውም አንድ ጋዜጣ ላይ የጤፍን ጸጋ ሳወድስ ይህንኑ በቁም ነገር ጽፌዋለሁ።

እትዬ ፈንታዬ ጋዜጣ አያነቡም። ማስረጃቸው ባልዲያቸው ነው።

«ጌታው፣ እዚህ ግቢ ስድስት መቶ ልጅ አለ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጠዋት ይገባል። ምሳውን እዚሁ ይበላል። አሥር ሰዓት ይወጣል። እኔ የማጥበው ግን የአምስት ልጅ ነው። የቀረው የት ገባ?»

«ቤታቸው ሄደው ይሆናል።»

«ቤታቸው! ጠዋት ባጃጁ ይጮህባቸዋል፣ ማታ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሆዳቸው ውስጥ ነው እንጂ! ይህ ሁሉ ሕፃን ተሸክሞ ነው የሚውለው።»

ሳቅሁ። እንዲህ ያለውን ቆጠራ የሚቆጥር ሌላ ሰው በከተማው ስለሌለ ያሳቀኝ መስሎኝ ነበር። ከሚቆጠሩት አንዷ የእኔ ልጅ መሆኗን አላወቅሁም።

ስለ ሽንት ቤቱ ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ይወደው ነበር። ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት፣ መስተዋት ያለው፣ የሚቀመጡበት ዓይነት መቀመጫ የገባለት ነው። ጎንደር ለእንግዳ የሚያሳዩት ቤተ መንግሥት የሚያንሳት ከተማ አይደለችም፤ እሱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽንት ቤት ያስጎበኛል። ይህን ቤት ንጹሕ አድርጎ ለማቆየትም ከሁሉ የተሻለውን ዘዴ አገኘ። ቆለፈው። ማንም የማይገባበት ሽንት ቤት ምንጊዜም ንጹሕ ነው።

ቁልፉ የሚሰቀለው ቢሮው ውስጥ ነው። ልጆች ሁለት ጊዜ ስለጣሉት ከተሰበረ ዴስክ እግር ጋር በሽቦ አሰረው። እንጨቱ እንደ ጎልማሳ ክንድ ይረዝማል፤ ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ሽንት ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል። እንግዲህ ሆዱን የቆረጠው ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል፣ መምህሩን በሁሉ ፊት ይጠይቃል፣ ወደ ቢሮ ይወርዳል፣ ዳይሬክተሩን ይጠይቃል፣ ከዚያ እንጨቱን ታቅፎ ግቢውን ያቋርጣል። በመስኮት የሚያዩት ልጆች እስኪመለስ ድረስ በኅብረት ይቆጥሩለታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የድሮ ወንጀለኛ እንኳ ጥፋቱን በቀይ ቀለም ጽፈው አላሸከሙትም።

ማርታ አንድ ጊዜ ተሸከመችው። ሠላሳ ስምንት ድረስ ቆጠሩላት። ከዚያ በኋላ ሲመጣባት አፍና መያዝ ጀመረች።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር። የተያዘ ነገር ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያማል፤ ያመመው ያስፈራል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ ቤቱም ገብቶ ይይዛል። እኔ የማውቀው ልጄ ሆዷን እንዳመማት ብቻ ነው። አማቴ ብርድ ነው አሉ። ጎረቤታችን ወስፋት ነው አለች። ባለቤቴ ጃርዲያ ነው ብላ ደመደመች። የባለቤቴ እኅት ዓይን በልቷት ነው ብላ ጠበል ወሰደቻት። እኔ ማንበብ ስለማበዛ ጭንቀት ነው አልሁ። ስንጨቃጨቅ ከርመን ማርታ የትል መድኃኒት ዋጠች፤ አልሻል ሲላት ደገመች። ያልነበረው ትል ሁለት ጊዜ ሞተ።

ከዚያ ልብሷ ላይ ያመልጣት ጀመር። በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ቀጠን ያለ። ሁላችንም እፎይ አልን ማለት ይቻላል፤ ተቅማጥ የምናውቀው በሽታ ነዋ! ለተቅማጥ ቤታችን ሊቅ በሊቅ ነው። ጎመኑን ከለከልናት፣ ወተቱን ከለከልናት፣ ብርቱካኑን ከለከልናት። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ወፍራም ሻይ። ከፋርማሲም ተቅማጥ የሚያቆም ሽሮፕ ገዛሁ። መድኃኒቱን በማንኪያ እየለካሁ ስሰጣት እጄ እንዴት ያለ የአባት እጅ ይመስል ነበር!

ዳይሬክተሩ ያስጠራኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማርታ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለኝ። «በንባብ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ግን ልጆቹ አጠገቧ መቀመጥ አልፈለጉም። ወላጆችም እየደወሉ ነው። ለጊዜው ወደ ኬጂ ብትመለስ ምን ይመስልዎታል? እዚያ ሞግዚት አለ፣ ልብስ ይቀየራል…»

ስምንት ዓመት ሊሞላት የቀረበ፣ እኔ ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሆና የምታነብ ልጅ፣ ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር ልትቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ከተማ በተከራካሪነቴ የምታወቅ ሰው ነኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እናስብበት» አልሁ።

እትዬ ፈንታዬ የቢሮውን መስኮት እየወለወሉ ነበር። ጨርቃቸውን ባልዲው ውስጥ ጣሉት።

«ተቅማጥ አይደለም» አሉ። «ድርቀት ነው።»

«ፈንታዬ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሥራዬን ነው፣ አያ ዳይሬክተር። ይህ ካልሆነ ሥራዬ ምንድን ነው?»

አያ በአገራቸው ለታላቅ ወንድ የሚሰጥ የአክብሮት ጥሪ ነው። ሰውየው ከእሳቸው በሃያ ዓመት ያንሳል።

የተማረ ሰው ላልተማረ በሚያሳየው ትዕግሥት ነገሩን አስረዳኋቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያመልጣት ልጅ ደረቀባት ሊባል እንደማይችል።

«ጌታው፣ ቱቦ ሲደፈን አይተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ምን ይሆናል?»

«ውኃው በጎን በጎኑ… ያንጠባጥባል።»

«ያን ጊዜ ውኃው በዛ ብለህ ጠጠር ትጨምርበታለህ?»

ገርበብ ባለው በር ወደ ማርታ አየሁ።

«ምንድን ነው የምታበላት?»

«ሩዝና ሙዝ።»

«ለምን ሲሚንቶ አታበላትም?» አሉና ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «የልጅቷን ልብስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያይ ሳጥብላት የከረምሁ እኔ ነኝ። የተቅማጥን ልብስ አውቀዋለሁ። ሆዷን ነክታችሁታል? እንደ ድንጋይ ነው። አንዳችሁም አልነካችሁትም።»

እውነታቸውን ነበር። አምስት ሐኪም በሞላበት ቤታችን ውስጥ ሆዷን የነካ አልነበረም።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኋት። ወጣቱ ዶክተር አስተኝቶ በጣቶቹ ጫን ጫን አደረጋት። ከዚያ እኔን ትቶ እሷን ጠየቃት፤ «የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትሄጃለሽ?»

ማርታ ጣሪያውን አየች። «እንጨቱን አልይዝም» አለች።

«የምን እንጨት?»

ነገረችው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሠላሳ ስምንት ድረስ መቆጠሯንም ያኔ ነው የሰማሁት።

ዶክተሩ የታፈነው ደረቅ ሆኖ እንደቆየ፣ ቀጭኑ ብቻ በዳር እየሾለከ ልብሷን እንደሚያበላሽ፣ እሷም እንደማይታወቃት፣ ጥፋቷም እንዳልሆነ አስረዳኝ። እትዬ ፈንታዬ በባልዲ የነገሩኝን እሱ በነጭ ጋውን ደገመልኝ። «ሰው ስለማያወራው ነው እንጂ የሞላ ነው» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እሷ ሦስተኛዬ ናት።» የሚያለሰልስ መድኃኒት ለብዙ ወራት፣ ውኃ፣ ጎመኑም ብርቱካኑም ይመለስ፣ ከምግብ በኋላ ሳትቸኩል ትቀመጥ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል መርገጫ ይደረግላት፣ ቁጣ የለም። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጻፈ፤ ልጅቷ በፈለገችበት ሰዓት ትሂድ የሚል።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። «በእርግጥ!» አለ። «በማንኛውም ሰዓት! ቁልፉን መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባት።» እጁ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው እንጨት ያመለክታል።

እትዬ ፈንታዬ ኮሪደር ላይ ነበሩ። ምንም አላሉም። ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ የተባለው ምናልባት ለዚያ ቀን ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ማርታን ሳደርስ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ጭስ ይወጣል። እትዬ ፈንታዬ ሦስት ድንጋይ ጎልተው ለወለል ማጠቢያ ውኃ ያሞቃሉ። ከድስቱ ሥር የዴስክ እግር ይነዳል፤ «ሽን» የሚለው አመድ ሆኗል፣ «ት ቤት» የሚለው ገና ይጨሳል። ዳይሬክተሩ ክራቫቱን ሳያጠብቅ ሮጦ ወጣ።

«ፈንታዬ! ምንድን ነው ይህ?»

«እንጨት ነዋ። ውኃው ይሙቅ አላሉኝም?»

«ቁልፉስ?»

«ሽንት ቤት ገብቷል። ስንት ዘመን ደጁን ብቻ ሲዞር ኖሮ ዛሬ እንኳ ቀንቶት ገባ። ከፈለጉት እጅዎን ሰደድ ያድርጉና ያውጡት።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቀመጫው ፊት የለስላሳ ሳጥን ተደፍቷል፤ አጭር እግር እንዲረግጥበት። ሰልፉ እስከ ባንዲራው ምሰሶ ደርሶ ነበር። የሚቆጥር ልጅ አልነበረም፤ ቆጣሪዎቹም ተሰልፈዋል።

እስከ ምሳ ድረስ ንብረት በማውደም የሥራ ስንብት ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ልጄን ላያት ስመለስ ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ፤ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«እናንተ የከተማ ሰዎች ገጠር ሁሉ ሜዳ ነው ትላላችሁ» አሉኝ። «ለወንድሞቼ ሜዳ ነበር። ሴት ልጅ ግን በቀን ደጅ ስትወጣ አትታይም። ፀሐይ እስኪጠልቅ ሆዴን በመቀነት አጥብቄ እውል ነበር። እዚህ ስመጣ ለሕፃን በር ያለው ቤት ተሠርቶለት አየሁና፣ እሰይ አልሁ። ቆልፈውት ኖሯል።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ባልናገር ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ማርታ ሁለተኛ ክፍል እንደምትቀጥል፣ የሠራተኛዋ ጉዳይ ግን የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ ወላጅ ባይገባበት እንደሚመርጥ ነገረኝ። እኔም «አመሰግናለሁ» አልሁ። አቤቱታ አልጻፍሁም። ለሌሎች ወላጆች አልነገርሁም። ስለ ጤፍ ጸጋ ሁለት ሙሉ ገጽ የጻፈው እጅ አንድ መስመር አልጻፈም። ማርታ «እማማ ፈንታዬ የት ሄዱ?» ስትለኝ «ዕረፍት ወጡ» አልኋት።

«ዋሸህ» አለችኝ በማግስቱ። «ማዶ ናቸው።»

ከበሩ ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆሎና የተበጠበጠ ተልባ ይሸጣሉ። ከመንገድ የሚያባርር ደብዳቤ አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የባጃጁን ጩኸት አልፈው ይጠይቃሉ። ዳይሬክተሩም እንኳ መኪናውን ሲያስገባ አይቀርለትም። በሩን እንደገና ለመቆለፍ ያስብ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ማዶ እንዲህ ያለ ምላስ ተቀምጦ ማን ይደፍራል? ክፍት ሆኖ ቆየ።

የማርታ ሆድ በአንድ ቀን አልዳነም። ሊሻላት ዓመት የተጠጋ ጊዜ ወሰደ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ማዶ ሆነው «ማርታ! ደጅ ወጥተሻል?» ሲሏት፣ ቀድሞ አንገቷን ደፍታ የምትሮጠው ልጅ ቆመች። መንገዱ በተማሪ እንደሞላ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ሰብስባ «ወጥቻለሁ!» ብላ ጮኸች። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ብቻ ጫማዬን አየሁ።

እኔን ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። «ጌታው፣ ጻፍኸው?»

«እጽፈዋለሁ፣ እትዬ። እያሰብሁበት ነው።»

«ተው፣ ይዘህ ይዘህ ይደርቅብሃል።»

ስድስት ዓመት ያዝሁት። ከለቅሶው ስንመለስ ማርታ፣ ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት፣ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ አዲስ ቁልፍ ተገጥሟል።»

«መቼ?»

«እማማ ፈንታዬ ታመው ከማዶ በጠፉ በሳምንቱ።»

«ምን ላይ አሰሩት?»

«ብረት ላይ። ከመኪና የወጣ ነገር ነው። ሲሸከሙት ይንቃጨላል።»

«ለምን ብረት?»

«እንጨት ይነዳላ!»

ዓርብ ዕለት ሄድሁ። ዳይሬክተሩ ሻይ ጋበዘኝ፤ ሽንት ቤት መግባት እፈልጋለሁ አልሁት። ለእንግዳ ልክፈትልዎ አለኝ፤ አይ፣ እንደ ልጆቹ ነው የምሄደው አልሁና ብረቱን ከግድግዳ አወረድሁ። ግቢውን እያንቃጨልሁ አቋረጥሁ። ከመስኮቶቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። በሩን ከፍቼ፣ ክፍቱን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ብረቱ ከነቁልፉ አሁን ይህን የምጽፍበትን ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው ተጭኖታል።

ለእትዬ ፈንታዬ ሐዘናችሁን አልፈልግም፤ ድንኳኑ ተነሥቷል። ይልቅ ማታ ልጃችሁን ደጅ ወጥተህ እንደሆነ፣ ወጥተሽ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካፈረ ሆዱን ዳብሱ። ነገ ጠዋት ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱና ሽንት ቤት መግባት እፈልጋለሁ በሉ። የሚሰጧችሁን ነገር፣ እንጨትም ይሁን ብረት፣ ተሸከሙና በልጆቹ ፊት አቋርጡ። ስትጨርሱ ቁልፉን አትመልሱ።